ለእናቴ የሆድ ድርቀት፦ ተልባ፣ ሰናመኪ ወይስ ሳይሊየም? ጥቆማ

የጉለሌዋ፦ ሰላም ቤቶች። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ሆዷ ደርቆ በአራት ቀን አንዴ ነው የምትወጣው። "ሌላ ኪኒን አልጨምርም፣ ቅጠል ካለ አምጪ" ብላለች። ተልባ፣ ሰናመኪና ሳይሊየም የሚሉት በውሃ የሚበጠበጥ የዘር ገለባ ዱቄት፣ የቱ ይሻላል? ንጹሕ የሚሸጥስ የት ነው?

ቡና ጠጡ፦ ሾላ ገበያ፣ ከቅመም ሻጮቹ መጨረሻ ላይ አንዲት እናት አሉ። ተልባ ከእሳቸው ሌላ ገዝቼ አላውቅም። አሸዋ የለው፣ ምን የለው።

መንገደኛው፦ ሰናመኪን እኔን ጠይቁኝ። አምና ደሴ ልሄድ ስል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ቀቅዬ ጠጣሁ። ሌሊት ወጥቶልኝ ቀሎኝ እሄዳለሁ ብዬ። ሌሊቱን ዝም። አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን እንዳለፈ ግን ሆዴ ይገለባበጥ ጀመር። ረዳቱን ብለምነው "ጣርማ በር ስንደርስ" ይለኛል። የቀረውን ተዉት፤ ጋቢዬን እዚያው ትቼ ነው የሄድኩት።

ሳቂታ፦ ጋቢውን! ኪኪኪ። እንኳን የጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ አልሆነ።

የወሎ ልጅ፦ ቅጠሉ ምን አጠፋ? እፍኝ ሙሉ ማን ጠጣ አለህ?

መንገደኛው፦ ሻጩ ነዋ!

ቡና ጠጡ፦ የሾላዋ እናት ቢሆኑ ለክተው ነበር የሚሰጡህ።

ቀጭኗ፦ ሰናመኪ ለቦርጭ ይሆናል? ጓደኛዬ በየቀኑ እንደ ሻይ ትጠጣዋለች።

ጋሼ፦ ኮሶን ረሳችሁት እናንተ ልጆች።

ነገረኛው፦ ኮሶ ለትል ነው ጋሼ። ልጅቷ ስለ እናቷ ጠየቀች፣ እናንተ ገና ከአውቶቡሱ አልወረዳችሁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሦስት ዓመት ሳይሊየም ላይ ነኝ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚለውን። በሰው ልላክልሽ?

ነጭ ጋዋን፦ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሰናመኪ አንጀትን አስገድዶ ነው የሚያሠራው፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ስለሚፈጅ ነው ወንድማችን መንገድ ላይ የተያዘው። ከሳምንት በላይ አይለመድም። ለቦርጭም አይሆንም፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ተልባና ሳይሊየም ውሃ ይዘው አብጠው ነው የሚያለሰልሱት፤ ውሃ ካነሰ ጭራሽ ያደርቃሉ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ካልቀመሱ፣ ተልባውን ከዚያ በኋላ በብዙ ውሃ በጥብጪላቸው። የደም ማነስ ኪኒን፣ አይረን፣ ይወስዳሉ? እሱም ያደርቃል። ሰገራቸው ደም ካለው፣ ወይም ሆዳቸው ተነፍቶ ካስመለሳቸው፣ ቅጠል ሳይሆን ሐኪም።

የጉለሌዋ፦ ትወስዳለች! ከጥር ጀምሮ። ማንም አልነገረን እኮ።

ነጭ ጋዋን፦ በራሳቸው እንዳያቋርጡት። ያዘዘላቸውን ሐኪም አነጋግሪ።

ቡና ጠጡ፦ ሾላ ስትሄጂ ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ሳቂታ፦ መንገደኛው፣ ጋቢው ግን የእናትህ ፈትል ነበር?

መንገደኛው፦ የአማቴ።