ሆስፒታል፣ ትምህርትና ፋይዳ እንዲናበቡ ብሎክቼይንና ኤአይ የግድ ነው? እንከራከር

ኮደሩ፦ ሰላም ቤተሰብ። እኔ የግድ ነው ባይ ነኝ። እያንዳንዱ መስሪያ ቤት ዳታውን ይዞ ቁጭ ብሏል፣ አንዱ ሌላውን አያምንም። ብሎክቼይን (ብዙ ተቋማት ቅጂውን አብረው የሚይዙት ዲጂታል መዝገብ) መሃል ቢገባ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ይመዘገባል፣ ማንም ብቻውን ተነስቶ አይሰርዘውም። በ2021 እኤአ ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ ከሚባለው ብሎክቼይን ሰዎች ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪ ውጤት በዚህ መንገድ ሊያዝ ነው ሲባል ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፣ ፎርጅድ ዲግሪ ያንገሸገሸው ሰው ይረዳኛል።

የካርድ ክፍሏ፦ እኔ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሰራው፣ እኛን የሚያስቸግረን አለመተማመን አይደለም፣ የመጣችው ሴት የትኛዋ እንደሆነች አለመታወቁ ነው። ፀሐይ ኃይሉ የምትባል ሴት አለች እንበል። አንዱ ጋ በፀሐዩ ፀ ተጽፋለች፣ ሌላው ጋ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው ጋ ኃይሉ በሃሌታው ሀ ሆኗል፣ ሌላው ደግሞ በላቲን ፊደል በፈለገው ስፔሊንግ ጽፏታል። ለኮምፒውተሩ አራት ሴት ናት። የልደት ዓመቷ 1985 ይላል፣ የኛ ይሁን የፈረንጅ የሚያውቅ የለም፣ ልዩነቱ 7 ወይ 8 ዓመት ነው። ይሄን ብሎክቼይን ላይ ስትጭነው ስህተቱ እንዳለ ተቆልፎ ይቀመጣል እንጂ አይታረምም። የተማሪ ውጤትም ያው ነው፣ መጀመሪያ ሲገባ የተጭበረበረ ማርክ ተጭበርብሮ ይኖራል።

ኮደሩ፦ እህቴ ኤአዩን፣ ማለቴ ከዳታ ተምሮ የሚገምተውን የኒውራል ኔትወርክ ሞዴል፣ ያመጣሁት ለዚሁ እኮ ነው! ፀና ጸን አንድ ማድረግ ኤአይም አይፈልግ፣ ትንሽ ኮድ ይበቃዋል። ከባዱ የላቲኑ ስፔሊንግና የተምታታው ዓመት ነው፣ እዛ ላይ ሞዴሉ ስም፣ የእናት ስም፣ ወረዳ፣ ስልክ አንድ ላይ አይቶ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም ይልሻል። ዳታው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ እዛው ሰርቨር ላይ ማሰልጠንም ይቻላል፣ የሚወጣው ሞዴሉ የተማረው ቁጥር ብቻ ነው።

የካርድ ክፍሏ፦ ሳይሆኑ አይቀሩም እና ናቸው በጣም ይለያያሉ። ሁለት ሴቶች በስህተት አንድ ፋይል ላይ ቢዋሃዱ የአንዷ ኤችአይቪ ውጤት በሌላዋ ስም ይነበባል። ሞዴሉ ይጠቁም፣ የሚወስነው ግን ካርዶቹን አውጥቶ ባለቤቷን የጠየቀ ሰው ይሁን። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሕግ ተማሪ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ 1321/2016 እኮ ሰው ስለራሱ የተሳሳተ ዳታ እንዲታረምለት መብት ይሰጣል። የማይሰረዝ ነገር ላይ ጽፈህ እንዴት ነው የምታርምለት?

ኮደሩ፦ ዳታው ራሱ ቼይኑ ላይ ይቀመጥ ያለ ማን ነው፣ ሃሹ (ከዳታው የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ኮድ) ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ዳታው እዛው መስሪያ ቤቱ ይታረማል፣ መታረሙም ይመዘገባል። ኢስቶኒያ ሰርታው የለ እንዴ?

የሲስተም ሰው፦ ኢስቶኒያን እንዲህ አትጥቀሳት። መስሪያ ቤቶቿ ዳታ የሚለዋወጡበት ኤክስ-ሮድ የተጀመረው በ2001 እኤአ ነው፣ ብሎክቼይንን ያስተዋወቀው ቢትኮይን እንኳን አልተፈጠረም ነበር፣ ብሎክቼይንም አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም ዳታውን ራሱ ጋ ይይዛል፣ ጥያቄው ተፈርሞና ሰዓት ተመትቶበት ያልፋል፣ ማን መቼ ምን እንዳየ የሚያሳይ መዝገብ (ሎግ) ይቀመጣል፣ ዜጋውም ማን ዳታውን እንዳየ ገብቶ ያያል። ሃሽ የማያያዝ ቴክኖሎጂ የጨመሩት በኋላ ነው፣ መዝገቡ እንዳይነካካ። እኛ ጋ ግን ሁሉም ኖድ (የብሎክቼይኑን ቅጂ የሚይዝ ሰርቨር) አንድ ዳታ ሴንተር ውስጥ በአንድ አድሚን እጅ ከተቀመጠ ብሎክቼይን አልከው ኤክሴል አልከው ምን ለውጥ አለው? ፋይዳ አስር ጣት፣ አይሪስና ፊት ወስዶ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፣ ሆስፒታሉ መጀመሪያ እሱን ይመዝግብ፣ የስም ጣጣው ግማሹ እዛው ያልቃል።

የካርድ ክፍሏ፦ ልክ ነህ፣ ግን ራሷን ስታ በአምቡላንስ የመጣች ሴት ቁጥሯን አትነግረኝም፣ ጨቅላ ሕፃንም ቁጥር ይዞ አይወለድም። የሞዴሉ ጥቆማ የሚያስፈልገኝ ለነዚህ ነው።

ኮደሩ፦ እሺ ፋይዳ ይቅደም፣ በሱ አልከራከርም። ሎጉን ግን አልለቅም። ፋይሌን ማን እንደከፈተ እኔ ባለቤቱ ማየት አለብኝ፣ ያ ሎግ ደግሞ የከፈተው ሰው አለቃ ሊያጠፋው የሚችል መሆን የለበትም። ኖዶቹን ለዩኒቨርሲቲ፣ ለክልል ጤና ቢሮ፣ ለፍርድ ቤት አከፋፍሏቸው።

የሲስተም ሰው፦ በሀሳቡ እስማማለሁ። አሁን ንገረኝ፣ ክልል ላይ መብራት ጠፍቶ ኖዱ ሲወድቅ ሌሊት ተነስቶ የሚያስነሳው ባለሙያ ደሞዙን ከየትኛው በጀት ነው የሚያገኘው?