ዋልማርትን ስንተች የምንመታው ድርጅቱን ነው ወይስ ገዢውን?

ጥያቄ፦ መቅደስ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በማኅበራችን የወሩ ውይይት ላይ ስለ ትልልቆቹ የቅናሽ መደብሮች፣ ማለትም ስለ ዋልማርትና ስለ ዶላር ስቶሮች (ርካሽ ዕቃ በትንንሽ ማሸጊያ የሚሸጡ የሰፈር ሱቆች)፣ የ20 ደቂቃ መነሻ ሐሳብ እንዳቀርብ ተመድቤያለሁ። የሚያሳስበኝ ክርክሩ የሚሄድበት መንገድ ነው። በደመወዝና በተዘጉ ትንንሽ ሱቆች ይጀምርና ወዲያው «እዚያ የሚገባው ሰው እኮ…» ወደሚል ይዞራል፤ አለባበሱ፣ ውፍረቱ፣ የልጆቹ ጩኸት፣ የሚያወጣው የኢቢቲ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) ካርድ። ኪሱ ሻል ያለ ሰው የሚገዛባቸው ታርጌት ወይም ሆል ፉድስ ሲነሱ ግን ስለ ገዢው ማንም ምንም አይልም። አዳራሹ ውስጥ እዚያ የሚሠሩም፣ እዚያ የሚገዙም፣ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ሻንጣ ከዚያ የሚሞሉም ይኖራሉ። ድርጅቱን በጥፋቱ ልክ እየተቸሁ ሰው ሳላዋርድ እንዴት ላሰናዳው? የቱ ትችት ይቆማል፣ የቱ ይወድቃል? በቁጥር ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ደረሰኝ አንባቢ

እህት መቅደስ፣ ያሰብሻቸውን ትችቶች በሙሉ ወረቀት ላይ አውጪና «ዋልማርት» የሚለውን እየሰረዝሽ «ታርጌት» ብለሽ አንብቢያቸው። በሁለቱም ላይ እኩል የሚሠራ ትችት በአንዱ ላይ ብቻ ሲነገር ከሰማሽ፣ ልዩነቱን ያመጣው የገዢው ኪስ ነው።

ልብሱ የሚሰፋበትን ቦታ ውሰጂ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች፣ በአብዛኛው የአውሮፓ፣ በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ዋልማርት እሱን ትቶ ግዴታው የላላ ሌላ ኅብረት ውስጥ ገባ። ታርጌትም ያው ኅብረት ውስጥ ነበር። ስለዚህ የዋልማርት ቲሸርት የለበሰውን ብቻ ለይቶ የሚወቅስ ሰው ምክንያት የለውም። ሸሚዙ ተወደደ ማለት ሰፊዋ የተሻለ ተከፈላት ማለት አይደለም።

የሠራተኛ ማኅበርም እንዲሁ ነው። ዋልማርት ኩቤክ ውስጥ ያለውን የጆንኪዬር መደብሩን፣ ሠራተኞቹ በማኅበር ከተደራጁ በኋላ፣ በ2005 ዘጋው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ድርጊቱ የኩቤክን የሠራተኛ ሕግ ጥሷል ብሎ ፈረደ። ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ተጠቀሚበት። ግን የአማዞን ንብረት የሆነው ሆል ፉድስም የፊላደልፊያ ሠራተኞቹ በጃንዋሪ 2025 ለማኅበር ድምፅ ሲሰጡ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ እንደተከራከረ አብረሽ አንሺ።

በደመወዝ ላይ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። የዋልማርት መነሻ ክፍያ ከ2023 ጀምሮ በሰዓት 14 ዶላር ነው፤ ታርጌት 15 ዶላር የደረሰው በ2020 ነበር፤ በአባልነት የሚገዛበት ኮስትኮ ደግሞ በ2024 መነሻውን 19 ዶላር ከ50 ሳንቲም አድርሶታል። ቢሆንም «ሰው ታዲያ ለምን ኮስትኮ አይገዛም?» ወደሚለው አትሂጂ። ኮስትኮ የሚይዘው 4,000 ገደማ ዓይነት ዕቃ ነው፤ አንድ የዋልማርት ሱፐርሴንተር፣ ማለትም ምግብም ሌላ ዕቃም የሚሸጠው ትልቁ መደብሩ፣ የሚይዘው ከ100,000 ይበልጣል። የኮስትኮ ትርፍ በአብዛኛው የሚመጣው ከአባልነት ክፍያ ሲሆን እሱም አሁን በዓመት ቢያንስ 65 ዶላር ነው። ያንን ከፍሎ፣ በመኪና ሄዶ፣ የወር አስቤዛ በአንዴ የሚገዛ ገንዘብና የሚያኖርበት ፍሪዘር ያለው ሰው ነው እዚያ የሚያተርፈው። ደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ ተቆንጥሮ የሚደርሰው ሰው ያው ሥጋ ረከሰ ተብሎ የ10 ፓውንዱን ማሸጊያ ሊያነሳ አይችልም።

ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው ስለ ገዢው መልክ የሚነገረው ነው። በ2009 የዋልማርት ደንበኞችን ሳያውቁ እያነሱ ፎቷቸውን ለመሳለቂያ የሚለጥፍ ድረ ገጽ ተከፍቶ ነበር። ዒላማዎቹ ወፍራም ሰዎች፣ በኤሌክትሪክ ጋሪ የሚገበያዩ ሰዎች፣ የቤት ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ መደብሮች እስከ ማርች 2020 ድረስ 24 ሰዓት ክፍት ስለነበሩ፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ ወተት የሚገዛ ሰው በየትኛውም ሰዓት ይገኝ ነበር። የዚያ ሰው ፎቶ ስለ ኩባንያው አንዲት ነገር አይናገርም።

መልስ፦ የማለዳ ሺፍት

ፉድ ስታምፕን፣ ማለትም በኢቢቲ ካርድ የሚሰጠውን የምግብ ድጋፍ፣ ሳታነሺው አታልፊም፤ ግን አያያዙን ካላወቅሽበት ክርክሩ በሠራተኛው ላይ ይገለበጣል።

የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት፣ ጂኤኦ የሚባለው፣ በኦክቶበር 2020 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። መረጃ በሰጡት ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሚያገኙ ሠራተኞችን በብዛት ከሚቀጥሩት መካከል ዋልማርት ከፊተኞቹ ተርታ ነበር። ማክዶናልድስም አለበት። ያው ሪፖርት ደሞዝ እያላቸው ድጋፉን ከሚያገኙት አዋቂዎች 70 በመቶ ያህሉ በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚሠሩ ያሳያል። ከዚህኛው ቁጥር ጀምሪ፤ «አይሠሩም» የሚለውን ገና ሳይነሳ ይዘጋዋል።

ከዚያ ሂሳቡን ሰሌዳ ላይ ሥሪው። 14 ዶላር በ40 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት፦ በዓመት 29,120 ዶላር፣ ገና ታክስ ሳይነካው። ሁለት ልጅ ይዛ ለምትኖር እናት፣ ማለትም ለሦስት ሰው ቤተሰብ፣ የፌዴራሉ የፉድ ስታምፕ የገቢ ጣሪያ በ2025 የበጀት ዓመት በወር 2,798፣ በዓመት 33,576 ዶላር ነበር። ሙሉ ሰዓት ሠርታም ከጣሪያው በታች ናት። ሰዓቷ ወደ 28 ከተቀነሰ ደግሞ ዓመቱ 20,384 ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት የሚከፈለውን ብቻ ሳይሆን በሳምንት የሚሰጠውንም ሰዓት ጠይቂ።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «በእኛ ታክስ ይቀለባሉ» የምትል ሐረግ ትገባለች። የተናገረው ሰው ኩባንያውን የመታ ይመስለዋል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን የሚሸማቀቀው ካርዱን የያዘው ነው። በሕግ ደረጃም ያው ስህተት ታይቷል። ሴናተር ሳንደርስ በ2018 ትልልቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸው በሚያገኙት ድጋፍ ልክ ታክስ እንዲከፍሉ ረቂቅ አቅርበው ነበር። ለድሃ ቤተሰብ ጥቅም የሚሟገቱ የበጀት ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተቃወሙት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ አሠሪው ታክሱን ለመሸሽ ልጆች ያሏትን እናት ወይም አካል ጉዳተኛውን አለመቅጠር ይመርጣል። ድጋፉ ቅጣት የሚያስከትል ነገር ሲሆን ቅጣቱ ተመልሶ ተረጂው ላይ ያርፋል።

በምትኩ የሚጠየቅ ነገር ይዘሽ ቅረቢ። በሲያትል ከተማና በኦሬገን ክፍለ ግዛት ትልልቅ የችርቻሮ አሠሪዎች የሥራ ፕሮግራሙን ከ14 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ በኒውዮርክ ከተማ ለችርቻሮ 72 ሰዓት ነው። ሺፍቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ልጅ ጠባቂ ያመቻቻል፣ ሁለተኛ ሥራም መያዝ ይችላል። ይህ ጥያቄ ማንንም አያዋርድም።

መልስ፦ ኪሩቤል

በተባለው እስማማለሁ፤ ግን አንድ አደጋ ቀርቷል። «ዋልማርትን የሚቃወሙት የድሃውን ኑሮ የማያውቁ ባለጸጎች ናቸው» የሚለው መልስ ለኩባንያው በጣም ይመቸዋል። ንቀቱን ስታወግዢ ጋሻ እንዳትሆኚለት።

እዚሁ ዋሽንግተን የሆነውን አስታውሺ። በ2013 የከተማው ምክር ቤት ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ትልልቅ መደብሮች በሰዓት ቢያንስ 12 ዶላር ከ50 እንዲከፍሉ 8 ለ5 ወሰነ። የከተማው ዝቅተኛ ደመወዝ ያኔ 8 ዶላር ከ25 ነበር። ዋልማርት ስድስት መደብር ሊከፍት አስቦ ነበርና ሕጉ ከጸደቀ ሦስቱን እተዋለሁ አለ። ክርክሩ ወዲያው መልኩን ቀየረ፦ ሕጉን የሚደግፍ ሁሉ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው ድሃ ሕዝብ ሥራና ሱፐርማርኬት እንዳያገኝ የሚከለክል ተደርጎ ተሳለ። ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ በሴፕቴምበር ሕጉን ውድቅ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ ውሳኔያቸውን ለመሻር 9 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፣ ያገኘው 7 ነው።

ከዚያስ? በዲሴምበር 2013 የጆርጂያ አቬኑውና የኤች ስትሪቱ መደብሮች ተከፈቱ። በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ኩባንያው ከወንዙ ማዶ፣ በዋርድ 7 (ከከተማው የምርጫ ክልሎች አንዱ)፣ ሊሠራቸው ቃል የገባባቸውን ሁለት መደብሮች ሰረዘ። ስማቸው ለክርክሩ መያዣ የሆነው ሰዎች ያለ መደብር ቀሩ። የኤች ስትሪቱም በ2023 ተዘግቷል።

ጥቅሙንም አትካጂ፤ ከካድሽ የሚገዛው ሰው አይሰማሽም። ሀውስማንና ሌይብታግ የተባሉ የኢኮኖሚ አጥኚዎች ሱፐርሴንተሮች ተመሳሳይ የምግብ ዓይነቶችን ከተለመደው ሱፐርማርኬት ከ15 እስከ 25 በመቶ ባነሰ ዋጋ እንደሚሸጡ አሳይተዋል። በ2006 የጀመረው የ30 ቀን መድኃኒት በ4 ዶላር ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነበር። በሌላ በኩል ኒውማርክና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት ዋልማርት በሚገባበት ካውንቲ አንድ የዋልማርት ሠራተኛ 1.4 ያህል የሌላ ችርቻሮ ሠራተኛን እንደሚተካ አስልተዋል። ያው ሰፈር በዋጋ ያተርፋል፣ በሥራ ይከስራል። ሁለቱንም ከተናገርሽ ማንም ጅል ሆኖ አይሳልም።

መልስ፦ አልማዝ የገበያዋ

ለዶላር ስቶሮቹ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ዋጋቸው ርካሽ የሚመስለው ማሸጊያው ስለሚያንስ ነው። ለምሳሌ ባለ 16 አውንስ ወተት በ1 ዶላር ከ25 ቢሸጥ፣ ጋሎን 128 አውንስ ነውና፣ ስምንት ጊዜ ተባዝቶ ጋሎኑ 10 ዶላር ይመጣል። «ድሃ ሂሳብ አያውቅም» ማለት ግን ስህተት ነው። ኪሱ ውስጥ 5 ዶላር የቀረው ሰው ወተትም ዳቦም ሳሙናም መያዝ አለበት፤ ጋሎኑን ከገዛ ሌሎቹን ይተዋል። አውቶቡስ ጠብቆ ወደ ሱፐርማርኬት መሄድም ታሪፍና ሁለት ሰዓት ያስከፍላል።

ትችቱ ከሰፈሩ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚመስል ከፈለግሽ ቱልሳን፣ ኦክላሆማን ተመልከቺ። የሰሜን ቱልሳ ተወካይ ቫኔሳ ሆል-ሃርፐር ተሟግተው ከተማው በ2018 በዚያ አካባቢ አዲስ ዶላር ስቶር ከሌላው በአንድ ማይል እንዲርቅ ደነገገ፤ በ2021 እዚያው ኦይሲስ የተባለ ሱፐርማርኬት ተከፈተ። ነዋሪዎቹ የተቃወሙት ትኩስ አትክልት የማይሸጥ ሱቅ በየማዕዘኑ መደርደሩን ነው፤ የገዢው ነገር ክርክራቸው ውስጥ የለም።

መቅደስ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማለዳ ሺፍት፣ ሂሳቡን ከመጀመሪያው ላስቀድመው ወይስ በመጨረሻ?

የማለዳ ሺፍት

መጀመሪያ አድርጊው፣ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥለሽ የታርጌቱን ንጽጽር፣ ከዚያ የዋሽንግተኑን ጉዳይ፤ ሰው የሚያውቀው ሰፈር ስለሆነ ሰፋ ያለ ጊዜ ስጪው። የአልማዝን የወተት ሂሳብ ለማሳየት ከሁለት መደብር የመደርደሪያውን የዋጋ ወረቀት በስልክ አንሺ፤ የአውንሱ ዋጋ በትንሹ የተጻፈው ጥጉ ላይ ነውና ቀረብ በይ። መተላለፊያው ውስጥ የቆመ ሰው ፎቶው ላይ እንዳይገባ።