«መስመሩ ይቅደም»፦ የጋራ ሐሳቡን ረቂቅ እንጨርስ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። በኤሌክትሪክ ኃይል ግንባታ ላይ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ቅዳሜ ይዘጋል። ረቂቁ አሁን የሚጀምረው «ተጨማሪ የነፋስና የፀሐይ ማመንጫዎች ይገንቡ» ብሎ ነው። አስተያየት ያለው ዛሬ ይበል።

ኢንጂነሩ፦
እኔ ከመግቢያው ጀምሮ አልስማማም። ማመንጫውስ ይተከላል፤ ጣጣው ኃይሉን ወደ ተጠቃሚው የሚያደርሰው የማስተላለፊያ መስመር ላይ ነው። ምሰሶ የሚቆምበት ማሳ ሁሉ ካሳ አለው፣ ድርድር አለው። ኬንያን እዩ። የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ 365 ተርባይኖቹን ተክሎ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ አቅሙ 310 ሜጋ ዋት። ኃይሉን ናይሮቢ አቅራቢያ ወዳለው ሱስዋ የሚያደርሰው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ግን ያለቀው በ2018 ነው። ተርባይኖቹ ከዓመት በላይ ተገትረው ከረሙ።

ጸሐፊ፦
ታዲያ ኪሳራውን ማን ዋጠው?

ኢንጂነሩ፦
ውሉ ነዋ! መስመሩን ማድረስ የመንግሥት ግዴታ ነበር። ላልደረሰ መብራት በቢሊዮን ሽልንግ የሚቆጠር ቅጣት ተከፈለ። ዞሮ ዞሮ ከሕዝቡ ኪስ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ኢንጂነር ባሉት ላይ አንድ ስሌት ልጨምር፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። 100 ሜጋ ዋት የሚሸከም መስመር በዓመት 100 ሚሊዮን ብር ዕዳ ይከፍላል እንበል። ነፋስ ብቻ ተቀጥሎበት ከአቅሙ 35 በመቶ ቢሠራ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ 33 ሳንቲም ገደማ ይወድቃል። 70 በመቶ ቢሠራ 16 ሳንቲም። ብረቱ ያው፣ ዕዳውም ያው። የእኛ ዕድል እዚህ ጋ ነው፤ ነፋሳችን የሚበረታው በበጋ፣ የግድቡ ውኃ በሚጎድልበት ሰሞን ነው። በተቻለበት ሁሉ ሁለቱ አንድ መስመር ይጋሩ።

ወጣት አባል፦
ባለሀብቱ ራሱ ለምን አይዘረጋም?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ቀድሞ የመጣው ሁሉንም ከፍሎ፣ ኋላ የመጡት በነፃ ይቀጥሉበታላ! ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይመጣም። ቴክሳስ ወደ ምዕራብ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ዘረጋች፤ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ወጪው ለደንበኛው ሁሉ ተከፋፈለ። የነፋስ ማመንጫዎቹ መስመሩን አይተው ጎረፉ።

ጸሐፊ፦
ቴክሳስ እኮ ቤቱ ሁሉ መብራት አለው። ባለፈው ወደ ሶዶ ስንወርድ ቡና ያፈሉልን እናት ያሉትን ረሳችሁት? «ይሄ ሁሉ ሽቦ በአናታችን ያልፋል፣ እኛ በኩራዝ።» እሳቸውንም ነው የምናስከፍለው?

ኢንጂነሩ፦
ቆጣሪ የሌለው ምን ይከፍላል? ግን ነገርሽ ልክ ነው። ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ የሚወርደው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር 500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ነው፤ ቤት የሚገባው ግን ተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) ነው። ትራንስፎርመር ሰቅለን ለቀበሌ አንጠልፍለትም፤ መቀየሪያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ዋጋውም አይቀመስም። የሚያዋጣው ቅርብ ካለው ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) 33 ኪሎ ቮልት መስመር ማውጣት ነው። በጀቱ ከዋናው መስመር ጋር አብሮ ይያዝ። በኋላ ከተባለ ቀረ ማለት ነው።

ሰብሳቢ፦
እሺ። መግቢያውን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ለማመንጫ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የመስመሩ ገንዘብና ካሳው ይያዝ፤ መስመሩ ቢዘገይ ከፋዩ ማን እንደሆነ በውል ይጻፍ።» የሰብስቴሽኑ ጉዳይ ነጥብ 3 ይሆናል። ማን ይጽፈዋል?

ጸሐፊ፦
እኔ። የእናትዬዋን ንግግር ግን እንዳትቆርጡብኝ።

ሰብሳቢ፦
አንድ መስመር ብቻ።