ዶሮዬ የለመደችውን አልተው አለችኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ጅማ፣ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ከሂርማታ ገበያ የገዛኋትን ቄብ ቀይ የጠርሙስ ቆርኪ ስትነካ በቆሎ እየሰጠሁ አለማመድኳት። ያለ ሽልማት በ10 ደቂቃ 2 ጊዜ ትነካ የነበረችው 31 ደረሰች።

የጥናት ንድፌ ለውጡ የመጣው በሽልማቱ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ሽልማቱ ሲቆም ወደ መነሻዋ እንደምትመለስ ማሳየት ነበር። በቆሎውን ብከለክላት ጭራሽ ቆርኪውን ስትደበድበው 40 አለፈች! (አከራዬ እትዬ "ምን ነክቷት ነው?" ብለው ወጡ።) ሽልማት ሲቋረጥ ድርጊቱ ለጊዜው እንደሚያሻቅብ አውቃለሁ፤ ግን በ5ኛው ቀንም 18 ላይ ናት። መጨረሻ ላይ በቆሎውን አልፎ አልፎ ብቻ መስጠቴ ይሆን ያደነደናት? እንዲያ የተለመደ ነገር ቶሎ አይጠፋም ይባላል።

መጥፋቱን ልጠብቅ ወይስ ሦስት ቄቦች ጨምሬ ሥልጠናቸውን በተለያየ ቀን ላስጀምር? (እያንዳንዷ የራሷ ሥልጠና ሲጀመር ብቻ መንካት ከጨመረች፣ ለውጡ በሽልማቱ መምጣቱን ያሳይልኛል።) የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።