በመዝገብ 18 ዓመት፦ በልጅነታቸው የታፈሱ ወታደሮች የካምፕ ትዝታቸውን ለልጆች ያውሩ?

አወያዩ፦
ክርክሩ ከእኛ አልፎ ቤተ ዘመድ ስለደረሰ መነሻውን ልንገር። በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ገና ጢማቸው ሳያቆጠቁጥ ወደ ካምፕ የገቡ ሰዎች በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ይሰበሰባሉ። በግ ይታረዳል፣ የድሮው ሰልፍ ይደገማል፣ ሳቅ ይበዛል። ዘንድሮ አስተባባሪው «የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የካምፑን ኑሮ እናጫውታቸው» የሚል ጥሪ አወጣ። ከአባላቱ የአንዱ ሴት ልጅ ደግሞ «የተዘረፋችሁበትን ቦታ እንደ ሠርግ ቤት አታውሩት» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ጎራ ተለይቷል። ጥያቄው ይህ ነው፦ በልጅነቱ ወታደር የተደረገ ሰው የሥልጠና ዘመኑን በፍቅር ለልጆች ቢያወራ ተገቢ ነው ወይስ ግፍን ማስዋብ?

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የሚጠራው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሰው ነበር፤ 6 ወር ሥልጠና፣ ከዚያ 2 ዓመት አገልግሎት። ስለዚህ «ያኔ ሕጉ ይፈቅድ ነበር» የሚል ካለ አይድከም። የ15 ዓመት ልጅ ማፈስ በደርግ በራሱ ሕግም ክልክል ነበር።

ወሎዬው፦
እኔን ማንም አላፈሰኝም። ይህን ስናገር ሰው ይቆጣል። በ1977 ድርቅ ቤታችን ባዶ ሆነ፤ አባቴ ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ እሱም አልጋ ያዘ። 14 ዓመቴ ነበር። ወታደር ቤት ምግብ አለ ሲባል ሰማሁና በእግሬ ሄድኩ። ኮታ ጎድሏቸው ስለነበር ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ 18 ብሎ ጻፈ። ካምፑ ውስጥ ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ከዚያ ምስር ወይም ጎመን፣ ለጉዞ ደግሞ ያ ጥርስ የሚሰብረው ኮቾሮ ነበር። ዛሬም ኮቾሮን የሚያንቋሽሽ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። ብርድ ልብስ ለብቻዬ የያዝኩት እዚያ ነው። ይህን ለልጅ ልጄ ብነግረው የደርግ ካድሬ ሆንኩ ማለት ነው?

የአባቷ ልጅ፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ረሀብ ማንም አይክድም። ግን ልጅ ለዳቦ ሲል ጠመንጃ የሚሸከምበት አገር ለዚያ ዳቦ ምስጋና አይገባውም። አባቴ የተያዘው ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ ነው። እሱም 18 ተብሎ ተጻፈ፤ 15 ነበር። ያቺ ቁጥር እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። ከጦርነቱ ተርፎ ሥራ ሲቀጠር በእጁ የነበረው ብቸኛ ወረቀት የውትድርናው ነበርና ዕድሜው በዚያው ተመዘገበ። በ57 ዓመቱ «60 ሞልቶሃል» ተብሎ ጡረታ ወጣ። ልጅነቱን የወሰዱት ሰዎች ከሥራ ዘመኑም ሦስት ዓመት ቆረጡለት። በስብሰባችሁ ላይ ግን ይህ አይነሳም። የሚነሳው ማን በዘብ ላይ ቆሞ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ማን የሃምሳ አለቃውን ድምፅ አስመስሎ የሻምበሉን ጦር በሌሊት እንዳሰለፈ ነው።

ወሎዬው፦
ሻምበሉን በሌሊት ያሰለፈው እኮ አባትሽ ነው!

የአባቷ ልጅ፦
አውቃለሁ። መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ስለ ጡረታው የነገረኝ ግን አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ስጠይቀው።

የድሮው አሠልጣኝ፦
እኔ ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። አሠልጣኝ ነበርኩ። በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነውን ሚሊሺያ አስታውሳለሁ፤ አብዛኛው የበሰለ ገበሬ ነበር። በሰሜን ጦርነቱ እየረዘመ፣ የሚመለሰው ሰው እያነሰ ሲሄድ ግን ኮታው አልቀነሰም፤ ትልልቁ ወንድ ጫካ ሲደበቅ አፈሳው ልጆች ላይ ወደቀ። ልጅ መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ወረቀት አያስፈልግም። ጫማው ስለሚሰፋው ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። ክላሽ ሲያነግት ሰደፉ ጭኑን ይመታዋል። ፈትቶ መግጠም ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን በጨርቅ አስረኸው እንኳን ትልቁን ይቀድመዋል።

ሚስትና እርሻ ትቶ የመጣው ሰው «ለምን?» ይላል፤ አፉ ባይናገር ፊቱ ላይ ታነበዋለህ። ልጅ ይህን አይልም። ስታሞግሰው ይሮጣል፣ ስትቆጣው ያለቅሳል፣ ማታ ደግሞ መልሶ ይወድሃል። ሳምንት ሳይሞላው በአባቱ ቦታ አንተን ያስቀምጣል። የጦር አዛዥ ልጅን የሚፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ጉልበት ኖሮት አይደለም። ስለዚህ ወሎዬው ካምፑን ወደድኩት ሲል አልዋሸም፤ ካምፕ ልጅ እንዲወደው ሆኖ የተሠራ ነገር ነው። ልጃችንም ያ ፍቅር የውሸት ነው የምትል ከሆነ አላወቀችውም። የውሸት ቢሆን ኖሮ ማን ይዘምትበት ነበር?

ወሎዬው፦
የመቶ አለቃ፣ እንደ በግ አስለመዳችሁን እያሉኝ ነው?

የድሮው አሠልጣኝ፦
ቃሉን አንተ መረጥከው።

ከሊድስ፦
እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ከእኛ ከተማ ብዙም በማይርቀው በሃሮጌት የሠራዊቱ ኮሌጅ አለ፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ ልጆች ይገቡበታል። ማመልከቻማ ገና 16 ሳይሞሉም ይቀበላል። ወላጅ ይፈርማል፤ 18 ሳይሞላ ወደ ውጊያ አይላኩም። በልጅነታቸው እንዲህ የሠለጠኑ ሽማግሌዎች ቆባቸውን ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን አድርገው ሲሰበሰቡ አያለሁ። አሠልጣኞቻቸውን እያስመሰሉ ይስቃሉ። ለእነሱ ክብር የሆነው ለእኛ ሰዎች ለምን ነውር ይሆናል? ከ1983 በኋላ «የቀድሞ ሠራዊት» ተብለው የተበተኑ፣ በየከተማው መንገድ ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ናቸው። አገር አላመሰገናቸውም። አሁን ደግሞ ሳቃቸውን ልንነጥቃቸው?

ሕግ አጥኚው፦
ንጽጽሩ አይገጥምም። እንግሊዝ ውስጥ 18 ያልሞላው ምልምል «ልቀቁኝ» ቢል የመውጣት መብት አለው፤ እዚህ የሄደ ልጅ ኮብላይ ተብሎ ይታደን ነበር። ደግሞ እዚያም ቢሆን ነገሩ የተዘጋ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ብሪታንያ የምልመላ ዕድሜዋን ወደ 18 ከፍ እንድታደርግ ወትውቷታል።

የዓለም ሕግም ቢሆን ዘግይቶ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ለጦርነት የከለከለው ከ15 ዓመት በታች ያለውን ብቻ ነበር። በግዳጅ ለመመልመል 18 ዓመት ወለል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ነው፤ ኢትዮጵያ ይህን ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም የመጀመሪያ ፍርዱን የሰጠው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ የኮንጎው ቶማስ ሉባንጋ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አሰልፏል ተብሎ 14 ዓመት ተፈረደበት። አባቶቻችን የተረፉት ሌላ አገር ላይ ሰው ከሚያሳስር ነገር ነው። ይህን ሳያውቁ መሳቅና አውቀው መሳቅ ይለያያል።

በነገራችን ላይ የእህታችን አባት ጉዳይ በብዙዎች ላይ የደረሰ ነው። በጡረታ ሕጋችን የሚያዘው ሠራተኛው በመጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ስለሆነ በኋላ ማስለወጥ ከባድ ነው። ስብሰባው የጋራ አቤቱታ ቢያዘጋጅ ከሰልፉ የሚበልጥ ጥቅም ነበረው።

የታሪክ መምህሩ፦
ሁሉንም ልጅ ወታደር በአንድ ገመድ አትሰሩ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ከተማሪ ቤት የመጡ ለጋ ወጣቶች ነበሩ። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጣሊያን ገባ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ወደ ወለጋ ወርደው ከዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ጋር በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተዋጉ። በ1928 ክረምት መግቢያ፣ ነቀምቴ አካባቢ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት የዚህ ጦር ሰዎች ናቸው። የእነሱን የሥልጠና ትዝታ ማን ነው ለልጅ አይነገር የሚል?

የአባቷ ልጅ፦
እኔ አልልም። እነሱ ግን ትምህርት ቤት ገቡ እንጂ ከትምህርት ቤት ደጅ አልተነጠቁም። አባቴን ደግሞ የማረከው ጣሊያን አልነበረም፤ የቀበሌያችን ሰው ነው፤ ስሙን የምናውቀው፣ ለአያቴ ሰላምታ ይሰጥ የነበረ።

ከማዶ፦
እኔ በሌላው ወገን ነበርኩ፤ ያኔ ወንበዴ ትሉን ነበር። በ15 ዓመቴ ነው በረሃ የወጣሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ ወንድሜ ተገድሎ ስለነበር ነው የወጣሁት። ያ ፈቃድ ከተባለ ፈቃድ ነው። ኤርትራ፣ ሳህል በረሃ ውስጥም በሻዕቢያ በኩል «ቀያሕቲ ዕምባባ» የሚባሉ ልጆች ነበሩ፤ ቀይ አበቦች ማለት ነው። ስለዚህ ደርግን ብቻ እየኮነናችሁ የሌላውን ልጅ ጀግና አታድርጉት።

በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ ከማረክናቸው መካከል አንዱን እኔ እንድጠብቀው ታዘዝኩ። በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ሌሊቱን ሙሉ ያወራነው ስለ ሥልጠና ነው። የእነሱ አሠልጣኝ ጭቃ ውስጥ ያንከባልላል፤ የእኛው ተራራ ያስወጣል። እነሱ ኮቾሮ፣ እኛ ቅጫ። ከማን ይብሳል እያልን ተከራከርን፤ ሳቅንም። እናንተ ስለ ሳቅ ስትከራከሩ የማስበው ያንን ሌሊት ነው። ያ ልጅ አዋጁ ያለውን 6 ወር ግማሹን እንኳን ሳይሠለጥን ነው ግንባር የመጣው። ስለ ፖለቲካው አንዳችን ለሌላው የምንነግረው ነገር አልነበረንም፤ የምናውቀው ሥልጠናውን ብቻ ነበር።

እህቱ፦
ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ወንድሜ በ16 ዓመቱ ሄዶ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው ከ1983 በኋላ ነው፤ እሱም በወሬ። የት እንደወደቀ አናውቅም። የሕግ ሰዎች ወንጀል ነው ትላላችሁ፤ ወንጀል ነው። ልጃችን አታስውቡት ትላለች፤ ልክ ነሽ። ነገር ግን ከእሱ ጋር የሠለጠነ አንድ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ቤታችን መጥቶ የነገረን ነገር አለ። ሩጫ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆን ነበር አለን። ዳቦውን ግማሹን ለማታ ደብቆ ሌሊት ሌሊት ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ሁሉንም ያስቃቸው ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ሳቀች። ከዚያ በፊት ስሙ ሲነሳ ታለቅስ ነበር እንጂ ስቃ አታውቅም። የሳቁን ታሪክ ብትከለክሉ ለእኛ የሚቀረን ምንድን ነው? ፎቶግራፍ እንኳን የለንም።

የአባቷ ልጅ፦
እትዬ፣ ይህን አልከለክልም። የእናንተ እናት ስትስቅ ግን ልጇ እንዳልተመለሰ ታውቃለች። የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጅ ይህን አያውቅም። እሱ የሚሰማው ጠመንጃ፣ ጓደኛ፣ ሌሊት ሙሉ ጨዋታ ነው። ዛሬም በአገራችን ተኩስ ባልጠፋበት ጊዜ ይህን ይዞ ቤቱ ይመለሳል። የእኔ ጭንቀት ይኸው ነው፤ እናንተን መውቀስ አይደለም።

ወሎዬው፦
እና ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ልበለው? ጓደኛዬ እንዴት እንደሞተ ልዘርዝርለት?

የአባቷ ልጅ፦
አይዘርዝሩለት። ጓደኛ ነበረኝ፣ ሞተ፣ ሁለታችንም ልጆች ነበርን ይበሉት። ከዚያ ሌሊት ያሰለፈውን አስመሳይ ይንገሩት፤ ደስ ይለዋል።

ሕግ አጥኚው፦
ይህ ለእኔ ይበቃኛል። አቤቱታውን ግን አትርሱ፤ ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ።

አወያዩ፦
እኔ አልበቃኝም። «ሁለታችንም ልጆች ነበርን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለመናገር ቀላል ይመስላል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በስብሰባችሁ ላይ አንድ ሰው ብሎት አልሰማሁም። ሁላችሁም እዚያ ቦታ ስትደርሱ አንድም ትስቃላችሁ፣ አንድም በግ ታገላብጣላችሁ። እስቲ ለማንኛውም አስተባባሪው ፕሮግራሙን ይንገረን።

አስተባባሪው፦
ልጆቹ ይምጡ፤ ጥሪውን አላነሳም። መጀመሪያ እህታችን ስለ ወንድሟ ትናገራለች፣ ፈቃደኛ ከሆነች። ቀጥሎ ስለ አቤቱታው እንነጋገራለን፤ በመዝገብ ዕድሜው የበለጠበት ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። ከ«ማዶ» ያለው ወንድማችንም ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ቅጫ ግን የለም። ምሳ፣ ከዚያ ሰልፍ።

እህቱ፦
እመጣለሁ።

ወሎዬው፦
ሰልፉ እንዳይቀር። ሰልፉ ከቀረ እኔ አልመጣም፤ ጉልበቴ እንደሆነ በቀጣዩ ዓመት አይፈቅድልኝም።

የድሮው አሠልጣኝ፦
ሰልፉ ይቅር ያለ የለም። ትእዛዙን የምሰጠው ግን እኔ አልሆንም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።