«ጌጥ» በተባለው ሙዚቃ ላይ ሀዋሳ ውስጥ የተነሣ ክርክር

ታቦር፦ እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሀዋሳ በተካሄደ አንድ የሙዚቃ ውይይት ላይ፣ እንግሊዛዊው አልበርት ኬተልቢ እ.ኤ.አ. በ1920 የደረሰው «በፋርስ ገበያ» የተባለ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ከተደመጠ በኋላ አንድ ተናጋሪ «ይህ ከሩቅ ሕዝብ የተቀማ ጌጥ ነው» ማለታቸው እስካሁን ያንገበግበኛል። ምኑ ነው የተቀማው? በሙዚቃው ውስጥ ልዕልቲቱ ስትመጣ ክላርኔትና ቼሎ የሚያዜሙት ዜማ የደራሲው የራሱ ፈጠራ ነው። ዜማውን ከራሱ ያፈለቀን ሰው ቀማኛ ማለት አግባብ አይደለም።

ዋሽንተኛ፦ ወንድሜ ታቦር፣ «የተቀማ» የሚለውን እተውልዎታለሁ፤ «ጌጥ» የሚለውን ግን አልተውም። ዜማው የፋርስ አለመሆኑ እንዲያውም ነገሩን ያከብደዋል። በዚያ ሥራ ውስጥ የኦርኬስትራው ተጫዋቾች የለማኞችን ድምፅ ይዘው «ባክሺሽ» (ምጽዋት) እያሉ በኅብረት ይዘምራሉ፤ ግመለኞቹ፣ እባብ አጫዋቾቹና ኸሊፋው ተራ በተራ ያልፋሉ። የአገሩ ሰው በሥዕሉ ውስጥ አለ፣ የአገሩ ዜማ ግን የለም። ነገ አንድ የውጭ ደራሲ የሲዳማን የቄጣላ ጭፈራ ምት አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማ ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ ስለ ፍቼ ጨምበላላ ለኦርኬስትራ ቢጽፍ፣ እኛ የሀዋሳ ሰዎች በጸጥታ ተቀምጠን እናጨበጭብለታለን?

የቫዮሊን መምህርት፦ ክርክሩን በአንድ ሥራ ላይ አታስሩት። ሩሲያዊው ሚካይል ኢፖሊቶቭ ኢቫኖቭ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ትብሊሲ ተቀምጦ እያስተማረ የጆርጂያን የሕዝብ ዜማ አጥንቷል፤ «የካውካሰስ ሥዕሎች» የተባለውን ሥራውን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ክፍል ቪዮላና ኮር አንግሌ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ እየተቀባበሉ ሲያዜሙ የሰሙ ተማሪዎቼ ማሲንቆና ዋሽንት እንዳስታወሳቸው ነግረውኛል። ይህን ጌጥ ለማለት ጆሮዬ አይፈቅድልኝም።

ፒያሳ፦ መምህርት፣ አብሮ መቀመጥ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የሚጻፈው ለማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። ሩሲያዊው ደራሲ ቦሮዲን «በመካከለኛው እስያ ሜዳዎች» የተባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1880 የጻፈው የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ አሌክሳንደር የንግሥና 25ኛ ዓመት ለሚከበርበት ዝግጅት ነበር። ራሱ በሰጠው ማብራሪያ የእስያው ነጋዴ ሲራራ በረሃውን የሚያቋርጠው በሩሲያ ወታደሮች ጥበቃ ሥር ነው፤ በመጨረሻም የሩሲያው ዘፈንና የምሥራቁ ዜማ ተጣምረው ይሰማሉ። ሙዚቃው እጅግ ውብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ወራሪና ተወራሪ እንዲህ ተስማምተው የሚዘምሩት ወራሪው በጻፈው ኖታ ላይ ብቻ ነው።

ታቦር፦ እንግዲያው የአሸናፊ ከበደን «እረኛው ባለዋሽንት» ምን ልንለው ነው? የእኛን ዜማ ለምዕራባውያን ኦርኬስትራ ነው የጻፈው፤ በሌላ ሥራውም የጃፓኑን የክር መሣሪያ ኮቶን ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አጣምሯል። እኛ ከሩቅ አገር ስንወስድ ኩራት፣ ሌላው ሲወስድ ጌጥ የሚባልበት ሚዛን ለእኔ ትክክል አይደለም።

ዋሽንተኛ፦ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ የመሩትን ሰው ከኬተልቢ ጎን ማሰለፍዎ አሳዝኖኛል። አሸናፊ ኮቶ ሲያስፈልገው ራሱን ኮቶን ነው የጋበዘው፤ በሌላ መሣሪያ አስመስሎ አላስጫወተም። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ላይ ነው። አንቺ ሆዬ የተባለውን ቅኝታችንን በፒያኖ ሲመቱት ድምፆቹ ከቦታቸው እየተነሡ ወደ ፒያኖው መቃኛ ይሳባሉ፤ ዋሽንት ላይ ጣቴና ትንፋሼ የሚያገኙት ቦታ ከፒያኖው ቁልፎች በአንዱም ላይ የለም። ኦርኬስትራውም በዚያው መቃኛ ሲጫወት የሚቀረው የዜማው ልብስ ነው፤ ልብሱን ነው ጌጥ ያልሁት።

የቫዮሊን መምህርት፦ ይህ ስለ ፒያኖ እውነት ነው፣ ስለ ቫዮሊን ግን አይደለም። በቫዮሊን አንገት ላይ ጣትን የሚገታ መክፈያ የለም፤ ጆሮ ካለ አንቺ ሆዬ ዘፋኙ በሚያዜመው ቦታ ላይ ይገኛል። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን ሳይሰሙ የሚጽፉና ሳይሰሙ የሚጫወቱ ሰዎች ነው። በሚቀጥለው እሁድ ቫዮሊኔን ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎም ዋሽንትዎን ይዘው ይምጡና አንዱን ቅኝት ተራ በተራ እንጫወተው። ያን ጊዜም ጌጥ ሆኖ ከተሰማዎት በፊቴ ይንገሩኝ።

ዋሽንተኛ፦ እመጣለሁ፣ እህቴ። ቃሉን ግን ሳልሰማ አላነሣም።

ታቦር፦ እኔም «ቀማኛ» የተባለው ሰው ይቅርታ ሳይጠየቅለት አልለቅም።