ገና ሳይወጋ የሚጀምር ማቅለሽለሽ

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ብግነት አለበት። መጀመሪያ አዛታዮፕሪን የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት ተጀመረለት። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ከእምብርቱ በላይ ኃይለኛ ሕመም ያዘው፤ ወደ ጀርባውም ይወጋው ነበር። በደም ምርመራው ላይፔዙ (ከቆሽት የሚወጣ ኢንዛይም) ከመደበኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ወጣ። መድኃኒቱ ያመጣው የቆሽት ብግነት ነው ተብሎ ሲቆም ሕመሙ ለቀቀው። መርካፕቶፑሪን የሚባለው መድኃኒትም የአዛታዮፕሪን ቤተሰብ ስለሆነ አይሞከርም ተባልን።

አሁን በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ላይ ነው። ለአንጀቱ በጣም ሠርቶለታል። ተቅማጡ ቆሟል፣ ክብደት ጨምሯል፣ የጉበትና የደም ምርመራውም ደህና ነው። ያስቸገረን ማቅለሽለሹ ነው። ድሮ ከመርፌው በኋላ ነበር የሚመጣው። አሁን ግን ቀኑ ሲደርስ ገና ከጠዋቱ ፊቱ ይገረጣል። መርፌው ውስጥ ያለውን ቢጫ ፈሳሽ ሲያይማ ያስመልሰዋል። ቢጫ ጭማቂ እንኳ መጠጣት ትቷል።

ፎሊክ አሲዱን (ከሜቶትሬክሴት ጋር የሚታዘዝ ቫይታሚን) በሌላ ቀን ይወስዳል። ተኝቶ እንዲያሳልፈው ብለን መርፌውን ወደ ማታ አዛወርነው። ኦንዳንሴትሮን የሚባለውን የማቅለሽለሽ መድኃኒትም ቀደም ብለን እንሰጠዋለን፤ በኋላ የሚመጣውን ቀነሰለት፣ በፊት የሚመጣውን ግን ንክች አላደረገውም። ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ይቻላል ይላል። እኔ በሽታው እንዳያገረሽበት እፈራለሁ። ከአዛታዮፕሪን በኋላ ይሄንንም ካጣን የቀረን ምርጫ ይጠባል።

ልጃችሁ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ወላጆች፣ በሙያውም ያላችሁ፦ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይህን ከመርፌው በፊት የሚመጣ ማቅለሽለሽ ያስቆመላችሁ ምንድን ነው?